ከመደርደሪያው የለም

«ያንቺ አበባ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው» አለች አክስቷ ቺዩሜይ፣ ቢጫውን ወረቀት ከሩዪን እጅ መንጭቃ። «አባትሽ በዚህ ላይ ተቀምጦ ነው ወንዙን የሚሻገረው? መሀል ሳይደርስ ይሰምጣል እኮ!»

«ዋና ይችላል» አለ ወንድሟ ቦሃው ከጠረጴዛው ማዶ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ያንተን ጉድ ያላየሁት መሰለህ?»

ሩዪን ሌላ ወረቀት አነሳች። የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ነው። ደጃፉ ላይ በተተከለው ድንኳን ሥር ጎረቤቱ ረጅሙን ጠረጴዛ ከቦ ሟቹ ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚሻገርበትን የወረቀት አበባ ያጥፋል፣ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል፣ ስለ ሩዝ አጨዳው ያወራል። ሳሎን ውስጥ አባቷ ጆንግ ያውሸንግ በማቀዝቀዣ ሣጥን ተኝቷል። ከፊቱ የቆመው ፎቶ ከኮሌጅ መታወቂያው ላይ ተነሥቶ የተለጠጠ ስለሆነ ፊቱ ደብዘዝ ብሏል። ስድሳ ሦስት ዓመት ለኖረ ሰው ሌላ ለብቻው የተነሣው ፎቶ አልተገኘለትም።

ማልቀስ ነበረባት፤ አላለቀሰችም። ቦሃው ደውሎ «አባባ አውቶቡስ ሲጠብቅ ወደቀ» ካላት ሰዓት ጀምሮ ውስጧ ደንዝዟል። ከታይፔ በባቡር ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው የመኝታ ክፍሏን መስኮት ዘግታ ይሁን ረስታ ነው። ሰው ሲያቅፋት ትታቀፋለች፣ ብዪ ሲሏት ትበላለች። ከአባቷ ጋር አራት ዓመት ሳትነጋገር መኖሯን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዓይናቸውም ያንን ይናገራል። እሷ ግን እሱም አልተሰማትም።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ሊያው መጣች። በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ጠረጴዛ የተጋራች ሴት ናት። ለፎቶው ሦስቴ ሰግዳ ወጣችና ከሩዪን አጠገብ ተቀመጠች። ወረቀት አንሥታ ሁለት አበባ አከታትላ አጠፈች፤ ሁለቱም ያማሩ ነበሩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሩዪንዬ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሌላ ሰው መጥቶ ከሚጠይቅሽ እኔ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ጋሽ ጆንግ ወደ ቤት ያመጧቸው መጻሕፍት ይኖሩ ይሆን?»

«አባባ የኮሌጅ መጽሐፍ ወደ ቤት አምጥቶ አያውቅም እትዬ ሊያው። ለእኔ እንኳ ስለምነው ‹ተመዝግበሽ ተዋሺ› ነበር የሚለኝ።»

«እሱንማ መች አጣሁት። ግን አሥራ አንድ መጽሐፍ ጠፍቷል። አሥራ አንዱንም ‹ከመደርደሪያው የለም› ያሉት እሳቸው ናቸው። አዲሱ ኃላፊ ዶክተር ዌንግ ዝርዝሩን አውጥቶ፣ ‹እንዴት ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ይጠፋል? እንዴትስ ሁሉም አሮጌ መጽሐፍ ይሆናል?› ማለት ጀምሯል። አሮጌ መጽሐፍ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ።» ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እስቲ እዪልኝ። ምናልባት ቤት ውስጥ አይተሽው ከሆነ።»

ሩዪን ዝርዝሩን አየች። ስለ ድሮ የመስኖ ቦዮች፣ ስለ ውሃ ክፍፍል ውሎች፣ ስለ ጎርፍ ዓመታት የተጻፉ መጻሕፍት። አሥራ አንዱንም ታውቃቸዋለች። አሥራ አንዱንም የጠየቀችው እሷ ናት።

«አላየኋቸውም» አለች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት።

ወይዘሮ ሊያው ተነሥታ ሄደች። ከሐዘን ቤት ሲወጡ «ደህና ዋሉ» አይባልም፤ ሳትሰናበት ነው የሄደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች መጻሕፍታቸውን አንድ ማውጫ ውስጥ አስገብተው ይዋዋሳሉ። አንባቢው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የፈለገውን መጽሐፍ በስልኩ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም በቀጥታ መጽሐፉ ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። እዚያ ያለው ሠራተኛ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አምጥቶ የአንባቢው ስም የታተመበትን ነጭ የወረቀት ጥብጣብ ወገቡ ላይ ያስርለታል። ሠራተኞቹ መቀነት ይሉታል። መጽሐፉ በቦታው ካልተገኘ «ከመደርደሪያው የለም» የሚለውን ይጫናል፤ ያኔ ጥያቄው ወደሚቀጥለው ቤተ መጻሕፍት ያልፋል። ማሽኑ ምንጊዜም የሚጀምረው ሥራ ከሚያንሰው ነው። ከዘጠኙ ሁሉ ሥራ የሚያንሰው ደግሞ ታይቱንግ ኮረብታ ላይ ያለው የአባቷ ኮሌጅ ነበር።

ሩዪን ይህን ሳታውቅ ነው ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጠየቀችው። ታይፔ ለዶክትሬት ጽሑፏ ስለ መስኖ ቦዮች ታጠና ነበር። መጽሐፉ ሲደርሳት መቀነቱን አየችና ሳትፈታው ቀረች።

ስሟ ላይ ችግር አለ። በሺዎች ከሚቆጠሩት የቻይንኛ ፊደላት «ዪን» የሚለውን አባቷ ከአንድ ያረጀ መዝገበ ቃላት ቆፍሮ ነው ያወጣላት። ፊደሉን ኮምፒዩተር አያውቀውም። በባንክም፣ በሐኪም ቤትም፣ በፈተና ወረቀትም ላይ ከ«ሩ» ቀጥሎ የሚታተመው ባዶ ሣጥን ነው። ትምህርት ቤት «ሩ-ሣጥን» እያሉ ይጠሯት ነበር። በዚያ መቀነት ላይም ማሽኑ የለመደውን ሣጥን አትሟል። ነገር ግን ሣጥኑ ውስጥ አንድ ሰው በጥቁር ብዕር ፊደሉን ጽፎበታል፣ አሥራ ስድስቱንም ሰረዝ አንድ ሳያስቀር። ከእሷ ሌላ ያንን ፊደል ሳያይ የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ተኳርፈው አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ የሞተች ጠዋት ሩዪን ከሐኪም ቤት ደውላ «አባባ አሁኑኑ ና!» ስትለው «የሦስት ሰዓቱ የመጻሕፍት ከረጢት ይሂድና እመጣለሁ» አለ። ከረጢቱ በሰዓቱ ሄደ። እናቷ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሞተች። እሱ ሲደርስ ሩዪን እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሂድ፣ መጻሕፍትህን ቅበር!» አለችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሩዪንም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ በዚያው ቀረች።

ከዚያ መጽሐፍ በጠየቀች ቁጥር ያ ፊደል ይመጣል። ከሰላሳ ጊዜ በላይ መጣ። ደብዳቤ የለው፣ ሰላምታ የለው፣ ስሟ ብቻ። መጀመሪያ መቀነቶቹን ትጥላቸው ነበር። በኋላ መሳቢያ ውስጥ ታጠራቅማቸው ጀመር። በመጨረሻ መጽሐፍ ሲደርስ ገልብጣ ታስቀምጠው ጀመር። ሰው ደጋግሞ ከኋላዋ ስሟን እየጠራ ዘወር ስትል ዝም የሚላት ያህል ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ተናድዳ፣ ከጥያቄው በታች ባለችው የማስታወሻ ቦታ ላይ ጻፈች፦ «እባካችሁ ከታይቱንግ አትላኩልኝ። መጻሕፍቱ እርጥበት ይሸታሉ።»

ውሸት ነው። መጻሕፍቱ ምንም አይሸቱም ነበር። እውነቱን መጻፍ ስላልቻለች ነው። ያንን ማስታወሻ ደግሞ ማንም አያነበውም ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይመጡላት ጀመር፣ መቀነታቸው ላይ ባዶ ሣጥን እንደታተመ። ማሽኑ ተራ ቀይሮ ይሆናል አለችና ተወችው። እፎይ ማለቷንም አትክድም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሩዪን መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና በስልኳ የውሰት መዝገቧን ከፈተች። ጥያቄዎቿ በቀን በቀናቸው ተደርድረዋል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ካሉት በመጀመሪያው ሥር ማስታወሻዋ አለ። በሁለተኛውም ሥር አለ። በሦስተኛውም። አንድ ጊዜ የጻፈችውን ማሽኑ አስቀምጦት ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ በጠየቀች ቁጥር ራሱ እየለጠፈ ልኮላታል። አሥራ አንድ ጊዜ። አሥራ አንዱም መጀመሪያ የሄዱት ወደ ታይቱንግ ነው። እሷ አንዴ ሰደበች፤ አባቷ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰደበ።

የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ለቅሶ እንዲመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ፊቷን ታጥባ ወጣችና አበባ አጠፈች።

አንድ ነገር ግን አልገባትም። አባቷ ውሸት አይችልም። ለጎረቤት እንኳ «ቤት የለም በሉት» ማስባል የማይሆንለት ሰው ነው፤ ቀጥሎ ራሱ ወጥቶ «አለሁ» ይላል። «የለም» ከማለቱ በፊት መደርደሪያውን ሦስቴ የሚዞር ሰው፣ መጽሐፉን ዓይኑ እያየው እንዴት «የለም» ብሎ ይጫናል? መጻሕፍቱ መደርደሪያው ላይ ቢኖሩ ደግሞ ወይዘሮ ሊያው ታገኛቸው ነበር። ስለዚህ የሉም። ታዲያ የት ገቡ?

በአራተኛው ቀን ወሬው ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቤተሰቡ የሰማው መንደሩ ከሰማ በኋላ ነው። ሩዪን ለአባቷ የማታውን ሩዝ ልታቀርብ ስታልፍ፣ ሁለት ሴቶች ሻይ እየቀዱ ሲያወሩ ሰማች።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አሥራ አንድ መጽሐፍ እኮ ነው የሚሉት።»

«ጆንግ? ኧረ ተዪ! አውቶቡስ ውስጥ የወደቀ ጃንጥላ ባለቤት ሲፈልግ ሁለት ጣቢያ ያለፈ ሰው ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ዝምተኛ ሰው ሆዱ አይታወቅም።»

ሩዪን ሩዙን ከፎቶው ፊት አስቀምጣ ተንበረከከች። ሟች በልቶ መጨረሱ የሚጠየቀው በሁለት ሳንቲም ነው፤ አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ «አዎ» ብሏል። ወረወረች። ሁለቱም በጀርባ። ደግማ ወረወረች፣ አሁንም በጀርባ። አምስት ጊዜ ወረወረች።

«መጽሐፍ እያነበበ ይሆናል የሚበላው» አለ ቦሃው ከበሩ። «እማማ ሁልጊዜ ትጮህበት የነበረ ነገር።»

አክስቷ ቺዩሜይ ግን አልሳቀችም። መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። «ልጄ፣ ሳትናገሪ ሳንቲም ብቻ ትወረውሪያለሽ። ቤት ውስጥ የሚወራውን እሱም ይሰማል። ወንድሜ ሌባ ተብሎ ሊቀበር ነው። የምታውቂው ነገር ካለ አሁን ነው የሚወጣው።»

«ምን አውቃለሁ አክስቴ?»

«እኔንጃ። ያቺ ሴት ወረቀት ካሳየችሽ ወዲህ ግን ፊትሽ የሌላ ሰው ነው።»

መናገር ማለት ማስታወሻዋን ማንበብ ማለት ነው፣ በወንድሟ ፊት፣ በአክስቷ ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ የጮኸችውን በሚያስታውስ መንደር ፊት። ባትናገር ደግሞ አባቷ ስሙ እንደጠፋ አፈር ሊገባ ነው። ይህንን ሁሉ በደንብ ታውቃለች። የሚያስፈራው ማወቋ ብቻ መሆኑ ነበር፤ ሌላ ምንም አይሰማትም። ሳንቲሞቹን አንሥታ እንደገና ወረወረች።

ዶክተር ዌንግ በአምስተኛው ቀን መጣ። ገና አርባ ያልሞላው፣ አዲስ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ወይዘሮ ሊያው ከኋላው ትከተለዋለች። ለፎቶው ሰገደ፣ ቤተሰቡም አጸፋውን ሰገደ። ከድንኳኑ ሳይወጣ ቦሃው መንገዱን ዘጋበት።

«ዶክተር፣ አባቴን ሌባ ብለውታል አሉ።»

«እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም!» አለ ዶክተር ዌንግ ደንግጦ። «ዝርዝሩን ለቦርዱ ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ለማንም ቢሆን አቀርባለሁ። አሥራ አንድ መጽሐፍ ጠፍቷል፤ አሥራ አንዱንም ‹የለም› ያሉት አቶ ጆንግ ናቸው። ከዚህ ሌላ ያልኩት ነገር የለም።»

«እሱ ራሱ ሌባ ማለት አይደለም?»

«ቦሃው፣ በቃ!» አለች አክስቱ። ኦቾሎኒ የሚፈለፍሉት እጆች ሁሉ ቆመዋል።

«መጻሕፍቱን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ» አለች ሩዪን።

የገዛ ድምፅዋ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። ስልኳን አውጥታ ማስታወሻዋን እንደተጻፈ አነበበችው፤ ቀጥላም አሥራ አንዱን ቀን አንድ በአንድ አነበበች። «ውሸቴን ነው የጻፍኩት» አለች ስትጨርስ። «ምንም አይሸቱም ነበር። የእሱን ጽሕፈት ማየት ስላቃተኝ ነው።»

ቦሃው ወለሉን ያይ ጀመር። ከጠረጴዛው አንድ ሴት «ውይ!» አለች። ቀጥላ የተናገረችው ወይዘሮ ሊያው ናት፤ እስከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

«ለዚህ ነው ለካ! እኔማ ጋሽ ጆንግ አረጁ ብዬ ነበር። በየሳምንቱ መጽሐፍ ይዘው ይመጡና አፍንጫዬ ሥር ይደቅናሉ። ‹ሊያው፣ እስቲ ይሸታል?› ‹አይሸትም ጋሽ ጆንግ።› ‹አሽትቺው በደንብ!› ‹ኧረ ምንም አይሸትም!› ‹አንቺ ጉንፋን ይዞሻል› ብለውኝ ይሄዳሉ። ደግሞ በሌላው ሳምንት ያንኑ መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ። ርዕሱን ልብ ብዬ ባየው ኖሮ!»

ያኔ ነው ነገሩ ለሩዪን የገባት። ልጅ እያለች አውሎ ነፋሱ የቤታቸውን ጣሪያ የወሰደ ዓመት፣ በዝናብ የራሱትን ደብተሮቿን አባቷ ወደ ሥራ ወስዶ ከሳምንት በኋላ ደረቅ አድርጎ አምጥቶላት ነበር።

«የካርታ ማድረቂያ ቁም ሣጥን ነበራችሁ» አለች። «አሁንም አለ?»

«ምድር ቤት ያለው?» አለች ወይዘሮ ሊያው። «ካርታዎቹ ከተዛወሩ አምስት ዓመታቸው። ተቆልፎ ነው ያለው፤ ቁልፉም የት እንደገባ አይታወቅም።»

ቁልፉ የሐኪም ቤቱ ሰዎች ከልብሱ ጋር በላስቲክ አድርገው በሰጧቸው የአባቷ የቁልፍ መያዣ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሩዪን እጅጌዋ ላይ የሐዘን ጨርቅ እንደተሰፋ ኮረብታውን ወጣች። የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ግን ቆመች። ሐዘንተኛ የሰው ቤት አይገባም፤ ጦስ ይዞ ይገባል ይባላል።

«ግቢ፣ ግቢ» አለች ወይዘሮ ሊያው። «ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ። ቤተ መጻሕፍት የማንም ቤት አይደለም ብሏል። አንዳንዴ ጭንቅላቱ ይሠራል።»

ዶክተር ዌንግ ምድር ቤት ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ሦስተኛው ቁልፍ ከፈተው። ማድረቂያው ውስጥ ውስጡን እያጉረመረመ ይሠራል። መጻሕፍቱ በየመሳቢያው አንድ አንድ ሆነው በጀርባቸው ተኝተዋል። በየሃያ ገጹ መሀል እርጥበት የሚመጥ ነጭ ወረቀት ገብቷል። በየመጽሐፉ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ካርድ አለች፤ ከታች እስከ ላይ በቀን የተሞላች፣ ከየቀኑ ፊት ደግሞ አንድ ቃል የተጻፈባት፦ «ገና»። «ገና»። «ገና»።

ያልነበረ ሽታ መልቀቁ በምን ይታወቃል? አፍንጫው ምንም ባልነገረው ቁጥር ጥፋቱን ከአፍንጫው አድርጎ መልሶ አስገብቷቸዋል። ደግሞም አልዋሸም፤ መጽሐፉን አንሥቶ እዚህ ካስገባው በኋላ ነው «ከመደርደሪያው የለም» ያለው።

ዶክተር ዌንግ መጻሕፍቱን ቆጠረ። «አሥራ አንድ» አለ። «ዝርዝሩን ዛሬውኑ አርማለሁ። በስማቸው ላይ ምንም አይቀርም።» ወይዘሮ ሊያው ክንዱን ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደችው።

ሩዪን ብቻዋን ቀረች። ለቅሶ አሁንም የለም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አነሣችና መሀሉን ከፍታ ፊቷን ገጾቹ መካከል ቀበረች፤ በረጅሙ ሳበች። የወረቀት ሽታ የለውም፣ የእጅ ሽታ የለውም፣ የሰው ሽታ የለውም። አባቷ ሁሉን አድርቆታል።

መጽሐፉን ወደ ቦታው መለሰችና ሁለተኛውን መሳቢያ ሳበች።